ከንቲባን ወደ ኮሚኒቲ ዝግጅት ስለ መጋበዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። የሚደውሉልኝ የእንቁጣጣሽን ዝግጅት የሚያሰናዱ የኮሚኒቲ ሰዎች ናቸው። አዳራሹ ተይዟል። ዘፋኙ ተገኝቷል። ወጡን የሚሠሩት እናቶች ተመካክረው ጨርሰዋል። የቀረቻቸው ጥያቄ አንድ ናት፤ «ከንቲባውን እንዴት ነው የምንጋብዘው?»

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ እንዲህ ያለ ዝግጅት በማስተባበር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በስልክ ደጋግሜ የምመልሰውን ነው እዚህ የጻፍኩት። ሌላ ከተማ ብትሆኑም አብዛኛው ይሠራላችኋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የእኛ ከንቲባ ማን ናቸው?

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም «ዲሲ ነው የምኖረው» እንላለን፤ ብዙዎቻችን የምናድረው ግን ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግን እንውሰድ። ምግብ ቤቱ፣ የእንጀራው መደብር፣ ጸጉር ቤቱ የሐበሻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ከንቲባ የላትም። በሕግ ራሷን የቻለች ከተማ ስላልሆነች የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ (ከስቴት በታች ባለ የአካባቢ አስተዳደር) ነው። እዚያ ከሆናችሁ የምትጋብዙት የካውንቲውን ሥራ አስፈጻሚና የካውንቲውን ምክር ቤት አባላት ነው። አጠገቧ ያለችው ታኮማ ፓርክ ደግሞ የራሷ ከንቲባ አላት። አሌክሳንድሪያም ከንቲባ አላት፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ግን የተቀጠረ የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነው። አርሊንግተን ካውንቲ ናት፤ የሚመሯት አምስት የቦርድ አባላት ናቸው።

ዲሲ ከሁሉም ትለያለች። ስቴት ስላልሆነች ገዥ የላትም። ስለዚህ ከንቲባው የከተማውንም የስቴቱንም ሥራ ደርበው ይሠራሉ። በሕዝብ የተመረጠ ከንቲባ ማግኘቷም የቆየ ነገር አይደለም። የራስ አስተዳደር ሕጉ የጸደቀው በ1973 ነው፤ ዋልተር ዋሽንግተን ተመርጠው ሥራ የጀመሩት ጃንዋሪ 1975 ላይ ነው። ሥልጣናቸው ሰፊ ስለሆነ የሚጋብዛቸውም ብዙ ነው። ደብዳቤያችሁ ሰልፍ ይጠብቃል።

ለእኛ ዝግጅት ምን አስመጣቸው? አናስቸግራቸውም?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ አባቶችና እናቶች ናቸው። ይሉኝታ ነው። ባለሥልጣን ማስቸገር ነውር ይመስላቸዋል። እኔ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። ግብዣው ልመና አይደለም። እናንተ ግብር ከፋይ ነዋሪ ናችሁ። ልጆቻችሁ የሚማሩት እዚሁ ነው። ታክሲውን የሚነዳው፣ ሆስፒታል ሌሊት የሚያድረው፣ የመኪና ማቆሚያውን የሚጠብቀው የእኛ ሰው ነው።

ከተማዋም ይህን ታውቃለች። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በተግባር ከሚያገለግላቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በ2006 በከንቲባው ሥር የአፍሪካውያን ጉዳይ ቢሮ ተቋቋመ። በ2013 ዲሲና አዲስ አበባ የእህትማማች ከተሞች ስምምነት ተፈራረሙ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዲሲ በመጡ ጊዜ፣ ጁላይ 28 ቀን 2018፣ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር ዕለቱን «የኢትዮጵያ ቀን በዲሲ» ብለው ሰየሙት። ይህን ሁሉ ያመጣው እዚህ የሚኖረው፣ የሚሠራውና ድምፅ የሚሰጠው ሕዝብ ነው። ስለዚህ አንገታችሁን አትድፉ።

ግብዣው መቼና እንዴት ይላካል?

እኔ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብዬ ነው የምልከው። ከዚያ ካነሰ «አመሰግናለሁ፣ አልችልም» የሚል መልስ መጠበቅ ነው። በስልክ የተነገረ ግብዣ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። «አንድ የማውቀው ሰው ነግሬዋለሁ» የሚለውም አያስኬድም። የከንቲባው ቢሮ ቀጠሮ የሚይዝ ክፍል አለው፤ መደበኛው ጥያቄ በጽሑፍ እዚያ መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ የአፍሪካውያን ጉዳይ ቢሮውን ግልባጭ አድርጉላቸው። እነሱ ናቸው ውስጥ ሆነው «ይህ ማኅበር እውነተኛ ነው» ብለው የሚመሰክሩላችሁ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይብቃው። ማን እንደሆናችሁ፣ ዝግጅቱ ምን እንደሆነ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሙሉ አድራሻው፣ ስንት ሰው እንደሚጠበቅ፣ ከንቲባው ምን እንዲያደርጉ እንደምትፈልጉ ይጻፍ። የመጨረሻው ይዘነጋል። ንግግር ነው? ለተመራቂ ልጆች ሰርተፊኬት መስጠት ነው? ወይስ መጥቶ ሰላም ማለት ብቻ? የሰውን ቁጥር አታጋንኑ። ሁለት መቶ ከሆናችሁ ሁለት መቶ በሉ። አምስት መቶ ተብሎ መቶ ሰው የተገኘበት ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት አይታመንም።

በደብዳቤው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይኑር። ሦስት የኮሚቴ አባላት በየፊናቸው ሲደውሉ ቢሮው ግራ ይጋባል። ያ አንድ ሰው ስልኩን የሚያነሳ ይሁን።

እንቁጣጣሽን በዕለቱ ብናከብርስ?

መስከረም 1 ቀን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው። በአራት ዓመት አንዴ 12 ይሆናል። ሴፕቴምበር 11 ለአሜሪካኖች በ2001 የሞቱትን የሚያስቡበት ቀን ነው። በዲሲ በኩል ፔንታጎን ቅርብ ነው። በዚያ ዕለት ከንቲባ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ነው የሚውሉት። እዚያው ቀን ማታ ከበሮ ወዳለበት አዳራሽ መጥራት ለእሳቸውም ይከብዳል። ስለዚህ በዓሉን በየቤታችሁ በዕለቱ አክብሩት፤ የኮሚኒቲውን ዝግጅት ወደ ቅዳሜና እሁድ ውሰዱት።

የጥምቀት ሰሞንም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጃንዋሪ 19 ከማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ጋር ይጎራበታል፤ ዲሲ በዚያ በዓል የሰላም ጉዞና ሰልፍ አላት። በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ በጥምቀት ማግስት የፕሬዚዳንት በዓለ ሲመት አለ፤ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል። ጁላይ 4ም ያው ነው፤ ኳሳችን፣ የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር፣ በዚያ ሰሞን ነው የሚካሄደው፣ የከተማ ከንቲባ ደግሞ በዚያ ቀን በየሰፈሩ ሰልፍ ላይ ነው። መስቀል ይሻላል። ሴፕቴምበር 27 አካባቢ ብዙ ጊዜ ክፍተት አለ።

ስለ ሰዓት ምን ትመክራለህ?

በአንድ ከተማ የደረሰብንን ልንገራችሁ። በራሪ ወረቀቱ በአማርኛ «11 ሰዓት» ይላል። በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ማለታችን ነው። ደብዳቤውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ልጅ እዚህ ያደገ ነው። 11 ያለውን 11 አድርጎ ጻፈው። ጠዋት መሆኑ ነው። ማንም አላየውም። ሦስት ቀን ሲቀረው ከከንቲባው ቢሮ አንዲት ሴት ደወለችልኝ፤ «ጠዋት በየትኛው በር ነው የምንገባው?» አለች። ያኔ ነው የገባኝ። ማታ ለመምጣት አልተቻላቸውም። ልጁ ለብዙ ቀን አቀርቅሮ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ደብዳቤውን ሳናነብ የፈረምነው እኛ ነን።

ከዚያ ወዲህ በሁሉም ወረቀት ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፋለሁ።

ሌላው መዘግየት ነው። ከንቲባ በዚያ ቅዳሜ አራት አምስት ቦታ ይሄዳሉ። እናንተ ጋ የሚቆዩት ሃያ ደቂቃ ነው። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ስለዚህ ሕዝቡን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጥሩት። ምግቡንም ቀድማችሁ ጀምሩ። የበላ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል።

እሳቸው ሳይመጡ ተወካይ ቢልኩ ንቀት ነው?

አይደለም። ይህን ለሽማግሌዎቻችን ማስረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። የቢሮ ኃላፊ ወይም ምክትል ሲላክ አንዳንዴ ከከንቲባው የበለጠ ይጠቅማል። ከንቲባ ሃያ ደቂቃ ቆይተው ይሄዳሉ። ተወካዩ እስከ ቡናው ይቀመጣል፤ ስም ይጽፋል፤ ሰኞ ጠዋት ስልክ ያነሳል። ወንበሩንም ፊት ለፊት ስጡት። በስሙ ጥሩት።

የምክር ቤት አባላትንም አትርሱ። የዲሲ ምክር ቤት 13 አባላት አሉት፤ ስምንቱ የየዋርዱ (የየምርጫ ክልሉ) ተመራጮች ናቸው። አዳራሻችሁ ያለበት ዋርድ ተመራጭ የመምጣት ዕድሉ ከከንቲባው ይበልጣል።

«አዋጅ» ያወጡልናል የሚባለው እውነት ነው?

እዚህ ላይ ቃሉ ያደናግራል። ከተሞች ለማኅበራት የሚሰጡት በማኅተም ያጌጠ ወረቀት አለ። አስተርጓሚዎች «አዋጅ» ይሉታል። እኛ ሀገር አዋጅ ማለት ሕግ ነው። ይህ ወረቀት ግን ሕግ አይደለም። በጀት አይመድብም፤ መብትም ግዴታም አይፈጥርም። የክብር መግለጫ ብንለው ይሻላል። በየመድረኩ «ከተማው አዋጅ አወጣልን» ተብሎ ሲነገር ሰው የማይሆን ተስፋ ያደርጋል፤ ቆይቶ ይከፋዋል።

ዋጋ የለውም እያልኩ ግን አይደለም። ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ በምግብ ቤት ግድግዳ፣ ከቤተሰብ ፎቶ ጎን። ሰው ይኮራበታል። ልጆች «ይሄ ምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ቀደም ብላችሁ ለብቻው አስገቡ። ረቂቁን ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጀው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የማኅበራችሁን ታሪክ ራሳችሁ በደንብ ጻፉት። መቼ ተመሠረተ? ማንን ረዳ? የስም አጻጻፉን ሦስት ጊዜ አንብቡት።

መድረኩ ላይ ማን ይቅደም? ንግግሩስ ስንት ደቂቃ ይሁን?

ምርቃት ይቅደም። አባቶች ሳይመርቁ እንግዳ ማናገር ለእኛ ወግ አይደለም፤ እንግዳውም ይህን ያከብራል። ምርቃቱ ግን ሦስት ደቂቃ ይሁን፤ አባቶችን አስቀድማችሁ በትሕትና አስረዷቸው። የተለያየ እምነት ያለው ሰው በአዳራሹ ስላለ አስቡበት። ከዚያ አንድ ልጅ እንግዳውን በአጭሩ ያስተዋውቅ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሩብ ሰዓት ተናግሮ ለከንቲባው አምስት ደቂቃ የተረፈበት መድረክ አይቻለሁ። ይህ አይደገም።

በእንግሊዝኛ «ክብርት» ወይም «ክቡር ከንቲባ» ብሎ መጥራት ልማድ ነው። በአማርኛም አያሳፍርም። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ የራሳችን ነው፤ ጎንደር ከተማዋን የሚያስተዳድረው ሹም በዚሁ ይጠራ ነበር።

ብዙ ከንቲባዎች አንዲት የአማርኛ ቃል መናገር ይወዳሉ። ትንሽ ካርቶን ላይ በላቲን ፊደል ከፋፍላችሁ ጻፉላቸው፤ «እን–ኳን አ–ደ–ረ–ሳ–ችሁ»። «ኳ» ላይ ይቸገራሉ። ሳይወጡ በፊት አንድ ሰው ጎናቸው ቆሞ ሁለቴ ያስደግማቸው። ከአፋቸው ሲወጣ እልልታው አዳራሹን ያናውጠዋል።

ቡና ማፍላቱና ጉርሻውስ?

ቡናው ይኑር። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ሃያ ደቂቃ አይበቃም። ዋናው ችግር ደግሞ ጭሱ ነው። የኪራይ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ይጮሃል፤ ሕዝቡ ተነስቶ ይወጣል፤ እሳት አደጋ ይመጣል። ቡናውን እቤት ቆልታችሁ ኑ። ረከቦቱ፣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው ይዘርጋ። እንግዳው ሲቀመጡ አቦሉ ተቀድቶ ይድረስ። ሽታው ይበቃል።

ጉርሻ ላይ ጠይቁ። አንዲት እናት በፍቅር ተነስታ ማጉረስ ልትፈልግ ትችላለች። አንዳንዱ እንግዳ ይደሰታል፤ አንዳንዱ የምግብ አለርጂ አለበት፤ አንዳንዱ ካሜራ ፊት አይፈልግም። አጃቢውን ቀስ ብሎ መጠየቅ ነው።

ስጦታ መስጠት ይቻላል?

ባለሥልጣናት የሚቀበሉት ስጦታ ላይ ጥብቅ ገደብ አለ። ወርቅ፣ ውድ ቀሚስ፣ የስጦታ ካርድ አይሆንም። ጋቢ እንኳን ዋጋው ከፍ ሊል ስለሚችል አስቀድማችሁ ለቢሮው በጽሑፍ ንገሯቸው። ሰው ፊት ተሰጥቶ መመለስ ለሁለቱም ወገን ያሳፍራል። ልጆች የሳሉት የአደይ አበባ ሥዕል ከሁሉ ይሻላል። ማንም «ለምን ተቀበላችሁ?» አይልም።

ባንዲራ ላይ ብንጣላስ? ተቃዋሚ ቢመጣስ?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የሀገር ቤቱ ጉዳይ ሁላችንንም ይነካል። የትኛው ባንዲራ ይሰቀል የሚለው ብቻ ማኅበር ሲከፍል አይቻለሁ። እኔ የምለው፣ ውሳኔው ከዝግጅቱ አንድ ወር በፊት በኮሚቴ ስብሰባ ይለቅ፣ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በዕለቱ መድረክ ላይ የሚወሰን ነገር አይኑር። ተቃውሞ ካለ ውጭ መቆም መብቱ ነው። አትስደቡት፣ አትገፍትሩት። ብርድ ከሆነ ሻይ አውጡለት፤ ነገ ጎረቤታችሁ ነው።

ከንቲባው ስለ ሀገር ቤት ጦርነት ወይም ስለ ኤምባሲ ቪዛ ምንም ማድረግ እንደማይችሉም ለሕዝቡ አስቀድሞ ይነገር። የውጭ ጉዳይ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ነው። የእህትማማች ከተሞች ስምምነቱም ይህን አይለውጠውም።

ታዲያ ምን እንጠይቃቸው?

አንድ ነገር። በእጃቸው ያለ ነገር። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የደከምኩት ለዚህ ነው። ፎቶው ደስ ይላል፤ ግን ሰኞ ጠዋት በማንም ሰው ሕይወት ላይ ምንም ካልተለወጠ ምን ይረባል?

አንድ ዓመት ንግግሩ አልቆ እንግዳዋ ሊወጡ ሲሉ አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከቦርሳቸው የታጠፈ ፖስታ አወጡ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። «ልጄ፣ ይሄ ምን እንደሚል አላውቅም። ሦስተኛዬ ነው» አሉ። አስተርጓሚው ሲያስረዳ አዳራሹ ዝም አለ። ከእንግዳዋ ጋር የመጣችው ረዳት ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ የእናታችንንም ስልክ ጻፈች። በሳምንቱ በአማርኛ የሚናገር ሰው ደወለላቸው። የኪራይ ድጋፋቸውን ለማደስ የሚጠየቁበት ደብዳቤ ነበር፤ ቀኑ ሊያልፍ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

የ2004ቱን ሕግ ብዙ ሰው አያውቀውም። በዲሲ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከንቲባ ሲመጡ ስለ ዓለም ሰላም ከመጠየቅ፣ «ይህ መሥሪያ ቤት በአማርኛ አያስተናግደንም፤ ቀኑ ይህ ነው፣ ወረቀቱም ይኸውና» ብትሉ መልስ ታገኛላችሁ። የምግብ ቤት ፈቃድ የዘገየበትም፣ የታክሲ ጉዳይ ያለበትም እንደዚሁ። ቁጥርና ወረቀት ያዙ። የሚናገረው ሰው ችግሩ የደረሰበት ራሱ ይሁን እንጂ ሊቀመንበሩ አይሁን።

የምርጫ ዓመት ከሆነስ?

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ማኅበሮቻችን ከግብር ነጻ የሆኑ፣ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የምንላቸው ናቸው። ከ1954 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለዕጩ እንዳይቀሰቅሱ ይከለክላል። ከንቲባው እንደ ከንቲባ መጥተው «እንኳን አደረሳችሁ» ቢሉ ችግር የለውም። የምርጫ ወረቀት ቢበተን፣ ሊቀመንበሩ በማይክ «እሳቸውን ምረጡ» ቢል ግን ማኅበሩ ይጠየቅበታል። ዕጩዎችን መስማት ከፈለጋችሁ ሁሉንም እኩል ጋብዙ። አባላት በግላቸው መደገፍ መብታቸው ነው፤ በማኅበሩ ስም ግን አይሆንም።

ከዝግጅቱ በኋላ ምን እናድርግ?

በሦስት ቀን ውስጥ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ። ሁለት ጥሩ ፎቶ አያይዙ፤ አንዱ ከንቲባው ሲያዳምጡ የሚያሳይ ይሁን። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ የተነሣውን ጥያቄና ቃል የገባውን ሰው ስም ጻፉ። በወሩ መልስ ካልመጣ ደውሉ። በሁለተኛው ወርም ደውሉ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ሰው ሳይሆን ሁለተኛውን ስልክ የደወለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት የኮሚቴው ጸሐፊ ይሁን።